በሊን ስም የተማረችው ጽጌረዳ

ጡረታ ወጣሁ ስል የሚሰሙኝ ሁሉ ይስቃሉ። ቤይሩት ውስጥ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ጉልበት ሲያልቅ ወይ አገር መግባት ነው፣ ወይ እዚሁ ጥግ ይዞ የሰው ልጅ ማጫወት ነው። እኔ ግን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ያወጣኝም የመዝረዓ ሠፈሩ አከራያችን ነው። ለዓመታት የሐበሻ ልጆች ያስተማርንበትን ምድር ቤት ባትሪና ሶላር ለሚሸጥ ሰው አከራየው። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ የቁም ሳጥናችን በር ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ተጥሎ አየሁት። በውስጥ በኩል የቀባነው አረንጓዴ ቀለም እንዳለ ነው። ቆሜ ሳየው ቆየሁና ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ደስ የሚል መጨረሻ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ከአሁኑ ቢተወኝ አልቀየመውም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ፋናር ነበር፤ ተራራው ጎን ላይ፣ ከበረንዳው ባሕሩ የሚታይ ቤት። እመቤቲቱ ማዳም ኦዴት ትባላለች። ገና በገባሁ ቀን ስሜን ጠየቀችኝ። ጥሩነሽ አልኳት። ሁለት ጊዜ ሞከረችና ሳቀች። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሱዚ» አለች። በኋላ እንደሰማሁት ከእኔ በፊት የነበረችው የስሪላንካ ልጅም ሱዚ ነበረች፤ ከእሷ በፊት የነበረችውም እንደዚሁ። ስሙ የቤቱ ነበር፣ እንደ መወልወያው። መጀመሪያ አካባቢ ሲጠሩኝ ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለኝ ወደ ኋላዬ ዞር እል ነበር። በኋላ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ማዳሜ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህንን ካልተናገርኩ እግዜርም አይወደው። ሜርሲ ሳትል ብርጭቆ አትቀበለኝም። ደመወዜ ቢዘገይም አይቀርም ነበር። ማስተማር የሚባለውን ነገር የቀመስኩትም እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው። ትንሿ ልጇ ካርላ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኔ ልብስ ስተኩስ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ጮክ ብላ ታነባለች። ፈረንሳይኛውን አላውቀውም፤ ግን ልጅ ያልገባውን ሲያነብ ድምፁ ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ ካውያውን አቁሜ ዓይኗን አያታለሁ። «ኦፍ፣ ሱዚ!» ትልና እንደገና ትጀምራለች። ካርላ አድጋ ኮሌጅ ስትገባ ማዳሜ ወረቀቴን በስሟ እያሳደሰችልኝ ውጭ እንዳድር ፈቀደችልኝ። ኢቃማ፣ ማለትም መኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሰው በእኛ ሠፈር እንደ ባለ ርስት ነው።

እዚህ ላይ ስም ማዋስ የምንለውን ልማድ ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ከአሠሪዋ ጠፍታ የወጣች ልጅ ወረቀት አይኖራትም። ወረቀት ከሌላት ሲም ካርድ በስሟ አይወጣም፣ ቤት አትከራይም፣ ለእናቷ ብር አትልክም። ስለዚህ ወረቀት ያላት ታውሳታለች። ስኳር እንደ መዋስ ነው። በር ይንኳኳል፤ «ጥሩዬ፣ ስምሽን ለዛሬ» ትልሻለች፤ ትሰጫታለሽ። በእኔ ስም ስንት ስልክ እንደሚጮህ እኔም አላውቅም። አንዴ ታምሜ ክሊኒክ ብሄድ «አንቺ እኮ በቅርቡ እዚህ ወልደሻል» አሉኝ። ምን ልበል? እንኳን ማርያም ማረችኝ! ስቄ ወጣሁ።

ወደ መዝረዓው ምድር ቤት የወሰዱኝ እትዬ ወይንሸት ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ጉለሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ፤ ቤይሩት መጥተው ምግብ ቤት ሰሃን ያጥቡ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወረቀት የሌላቸውን የሐበሻ ልጆች እየሰበሰቡ ያስተምራሉ። እነዚህ ልጆች የተወለዱት እዚሁ ነው፤ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። የትምህርት ቤት በር ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። እትዬ ወይንሸት እንድረዳቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ጠዋት ቤት እያጸዳሁ ከሰዓት እዚያ መዋል ጀመርኩ። ልጆቹ ቲቸር ሲሉኝ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ወደድኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን ሥራ ያገኘሁት ያኔ ነው።

አከራዩ «ትምህርት ቤት ነው ከተባለ ፖሊስ ይመጣብኛል» ስላለ ሰሌዳ አልሰቀልንም። እትዬ ወይንሸት የቁም ሳጥኑን ሁለት በሮች ከውስጥ በኩል አረንጓዴ ቀለም ቀቧቸው። ሲከፈት ሰሌዳ ነው፤ ሰው ሲያንኳኳ ግጥም ይደረግና ቁም ሳጥን ይሆናል።

ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያስተኟቸው ነበር። አዎ፣ ጭንቅላታቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደፍተው። ብዙ ሴት በአንድ ክፍል በምታድርበት ቤት፣ አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ፣ ልጅ እንቅልፍ አይጠግብም። «የተኛ ልጅ ማስነሳት ቀላል ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ የተኛውን ነው ማን የሚያስነሳው» ይሉኝ ነበር። ጊዜ ማባከን መስሎኝ ውስጤ ይቃጠል ነበር። ከእንቅልፉ በኋላ ግን ልጆቹ ሌላ ልጆች ነበሩ።

ሒሳብ ሲያስተምሩ ደግሞ እናቶቹ የሚያጸዱት ሕንፃ ድረስ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። የቤይሩት ሕንፃ ከመሬት በታች ሦስት አራት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ አለው፤ አሳንሰሩ ውስጥ ከዜሮ በታች ያሉት ቁጥሮች ተጽፈዋል። «ሁለተኛ ፎቅ ቆሜ አምስት ፎቅ ብወርድ የት እገኛለሁ?» ይላሉ። «ከመሬት በታች ሦስት!» «እዚያ ማን አለ?» «እናቴ! መሬት እያጠበች!» ትላለች አንዷ። ይሳቃል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ያስቸገረው ልጅ አላየሁም።

ከሁሉ አጥብቀው የሚይዙት ግን የበሩን ነገር ነበር። ማንም ልጅ ስሙን እስከ አያቱ ሳይናገር አይገባም። ጽጌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት እዚያ በር ላይ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛውራ አድርጋ። እናቷ ታንጉት ናት፤ ኻልዴ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር የቤት ዕቃ መሸጫ የምታጸዳ፣ ወረቀት የሌላት ሴት።

«ማን ልበል?» አሏት እትዬ ወይንሸት።

«ጽጌ።»

«ጽጌ ማን?»

«ጽጌረዳ።» ከዚያ ጫማዋን አየች። አባቷ ሳትወለድ ነው የሄደው።

እትዬ ወይንሸት ጎንበስ አሉ። «የአባትሽን ካላወቅሽ የእናትሽን አባት ጥሪ። ጽጌረዳ መኮንን ደስታ ነሽ። ወረቀት ባይኖረን ስም አለን። ሰው በጠየቀሽ ጊዜ ሁሉ ይህን ነው የምትመልሺው፤ ሌላ የለም። እንኪ፣ አሁን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽጌ በዚያ በር ስትገባ ስሟን የምትጠራው እንደ ጸሎት ነበር፤ አንዳንዴ ሳትጠየቅ ከደረጃው ላይ ይሰማናል። ደግሞ አእምሮዋ ስለት ነው። እናቷ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ ልጇ የሰው ቤት እንዳትገባ። «የእኔ ይበቃል። እሷ ደብተሯን ይዛ በትልቅ በር ስትገባ ልይና ከዚያ ልሙት» ትላለች ታንጉት። እኛም ሁላችን ለጽጌ የምንመኘው ይህንኑ ነበር፤ ከእነዚያ ልጆች አንዷ እንኳ ካለፈች ያቺ ጽጌ ናት እንል ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ጽጌ አደገች፤ ከዚያ ኮሮና የሚሉት በሽታ መጣ። ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ ከስክሪን ይማር ተባለ። በዚያ ሰሞን ኢስታዝ ራሚ የሚባል ወጣት ከአንድ ድርጅት መጣ። ኢስታዝ መምህር ማለት ነው፤ እዚህ ግን ሸሚዙን የተኮሰ ሁሉ ኢስታዝ ነው። ታብሌቶች ከካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ጀርባቸው ላይ የለጋሾቹ ምልክት ተለጥፏል።

«ከእንግዲህ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ የለም» አለን። «ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጁ እጅ ላይ ይመጣል። ደረጃዎቹን ሁሉ በጥሩ ውጤት ለሚጨርስ ደግሞ እውነተኛ ትምህርት ቤት ቦታ ይሰጠዋል። ክፍያው በእኛ።»

ታንጉት ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እትዬ ወይንሸት እንደ ልጅ ነው የተደሰቱት። ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም የሚል ሰው እሳቸውን አላየም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ሲነካኩ ቆዩና «ጥሩነሽ፣ ይሄ መምህር አይደክመውም እኮ! መቶ ጊዜ ብትጠይቂው አይቆጣሽም!» አሉኝ። ራሚን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ልጆቹን በስማቸው ይጠራል?»

«አዎ ያ ማማ፣ ስማቸውን ከላይ ጽፎ፣ በድምፅም ይጠራቸዋል።»

«በቃ፣ ጎሽ» አሉ።

ታብሌቱ ሲከፈት መጀመሪያ የጠየቀው የልጁን ስም ነው። ቀጥሎ የመታወቂያ ቁጥር ጠየቀ። ቁጥሩ ካልገባ ወደፊት አይሄድም። ራሚ አንገቱን አከከ። «ያኒ፣ ማለቴ፣ ደንቡ የወጣው ገንዘቡ የሚመጣበት አገር ነው። አንድ ልጅ ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው።» ዘበኛው ለካ አልተነሳም፤ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ነው የተቀመጠው።

እኛም የምናውቀውን አደረግን። ስም ተዋስን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አስቴር የምትባል የሠፈራችን ሴት ሊባኖሳዊ አግብታ የወለደቻት ሊን የምትባል ልጅ አለቻት፤ በዕድሜ ከጽጌ ጋር እኩያ ናት። ሊን ከአባቷ ጋር አቢጃን ሄዳ እዚያ ትማራለች፤ መታወቂያዋ ግን አስቴር መሳቢያ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። «ውሰዱት፣ ምን ይሠራልኛል» አለች አስቴር። ጽጌ ሊን ሆነች። ሌሎቹም ልጆች እንዲሁ አንዳንድ ስም ደረሳቸው። ራሚ በመስኮት የሚያይ መስሎ ዞር አለ፤ ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። ወረቀት ሳይኖረን ሱቁንም፣ አከራዩንም፣ ስልክ ቤቱንም በዚህ መንገድ አልፈናል፤ ይህም ያልፋል ብለን ነበር። እትዬ ወይንሸት አልተቃወሙም። ግን በር ላይ ልጆቹን የራሳቸውን ስም ማስጠራታቸውን አልተዉም።

ውሸት አልናገርም፤ ጥሩ ነገር ነበረው። ጽጌ የሰውን ልብ በጣቷ እያዞረች ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ስታይ አፏን ከፍታ ነበር። ቁም ሳጥን በር ላይ ያንን ልስልላት ብል ዓመት አይበቃኝም። አሠራርም አበጀንለት። ታብሌቱ ለሁሉ ስለማይበቃ ሦስት ሦስት እናስቀምጣቸዋለን፤ መስታወቱን የሚነካው ልጅ መልስ አይናገርም፣ መልሱን የሚናገረው አይነካም። እንዲህ ካልሆነ ፈጣኑ ብቻውን ይሮጣል። ኢሽቲራክ፣ ማለትም የጄኔሬተር መስመር፣ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱም ይሄዳል፤ ትምህርቱ ከመሐል ከተቋረጠ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የደረስንበትን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ መብራት ጠፍቶ በእጅ ባትሪ በጠመኔ እንቀጥላለን።

ግን ቀስ በቀስ ነገሩ እኛን ማሠራት ጀመረ። ታብሌቱ ደቂቃ ይቆጥራል። ልጆቹ ተኝተው ዝም ካለ «ተማሪው ንቁ አይደለም» የሚል መልእክት ለራሚ ይሄድለታል፤ ራሚ ይደውላል። ፎቶ የሚያነሱ እንግዶች ሲመጡ ደግሞ ልጆቹ ተኝተው መገኘት የለባቸውም። እንቅልፉን አስቀረን። እትዬ ወይንሸት ያን ቀን ጠረጴዛዎቹን በጨርቅ ወልውለው ወጡ። አንድ ሰሞን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሁን ይባላል፤ ገንዘብ ሰጪው ሲቀየር በፈረንሳይኛ ይሁን ይባላል። እዚያ ላይ የተቀመጠው ሰው አዲስ ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር እዚህ የእኔ ልጆች ያወቁትን ይጥላሉ። አማርኛ ይሁን ያለ የለም። አረብኛውም ቢሆን የመጽሐፍ አረብኛ ነው፤ ልጆቹ የሚያውቁት የመንገዱን ነው።

እና ደግሞ ያ ድምፅ። ጽጌ በከፈተችው ቁጥር «አህላን፣ ሊን!» ብሎ ይቀበላታል። ስትመልስ «ብራቮ፣ ሊን!» ይላል፤ ኮከብ ይዘንባል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ቆይቶ ግን ስሙ የተጻፈበትን ጥግ በአውራ ጣቷ ሸፍና መሥራት ጀመረች።

«ጣትሽን አንሺ፣ ያስቸግርሻል» አልኳት አንዴ።

«እዚህ ጋ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም፣ ቲቸር» አለችኝ።

ልጅነት ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያው መሐል እትዬ ወይንሸት ኩላሊታቸው ታመመ። እዚህ ሆስፒታል ለማን ተብሎ? አዋጥተን ወደ አገር ላክናቸው። በሄዱ በጥቂት ወራት አረፉ። ሞታቸውን የሰማሁት በስልክ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት እያጠብኩ ነው። ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ እንዳይሰማ። ከዚያ በኋላ በር ላይ የምቆመው እኔ ሆንኩ።

ጽጌ ደረጃዎቹን ሁሉ ጨረሰች። ራሚ ራሱ እየሮጠ መጣና «ቲቸር፣ ከሁሉም ማዕከል አንደኛዋ ሊን ናት!» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ በቪዲዮ የምታነጋግራት ሴት አለች፤ ቦታ ከሚሰጣት ትምህርት ቤት። አስቴር ወረቀቱን ለትምህርት ቤቱም ልታውስ ተስማማች። ገብታ አእምሮዋን ካዩ በኋላ እውነቱን ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን ብለን ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ለሳምንት አለማመድናት። «ስምሽ?» «ሊን።» «የአባትሽ?» ትመልሳለች። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

ቀኑ ሲደርስ መዝረዓ ውስጥ መብራት አልነበረም። የታንጉት አሠሪ፣ የኻልዴው የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ ጄኔሬተሩ ጠንካራ ስለሆነ እዚያ ተጠቀሙ አለን። ዋጋ የተለጠፈበት ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ ጽጌ መሐል፣ እኔ ከጎኗ ከስክሪኑ ውጭ። ታንጉት መወልወያዋን ይዛ ሶፋዎቹ መሐል ቆማለች። ከውጭ የአውራ ጎዳናው መኪና ይጮሃል፤ አውሮፕላን ሲያልፍ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል።

ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ መጣች። ጥሩ ፊት ነበራት። ከሥሯ በትንሿ ሳጥን ውስጥ ራሚ ፈገግ ብሏል።

«ቦንጁር ሐቢብቲ። ውጤትሽን አይቼ ደነቀኝ። እስቲ መጀመሪያ ራስሽን አስተዋውቂኝ፤ ስምሽ ማነው?»

ጽጌ አቀረቀረች። ጉልበቷን ነካ አደረግኋት። ቀና አለችና በዚያ በደረጃው ላይ በሚሰማን ድምፅ «ጽጌረዳ መኮንን ደስታ» አለች።

የራሚ ፈገግታ ጠፋ። ሴትዮዋ ወረቀቷን አየች። «እኔ ጋ ያለው ሊን ነው።» ቆም አለችና፣ እግዜር ይስጣት፣ በሩን መልሳ ከፈተችላት። «ያኒ፣ ይህ የቤት ስምሽ ነው? ሊን ደግሞ የወረቀት?»

አዎ በይ፤ አንዲት ቃል ናት አልኩ በልቤ። ታንጉት ከሶፋው ኋላ ራሷን ስትነቀንቅ አያታለሁ።

«ላእ፣ አይደለም» አለች ጽጌ። «ሊን አቢጃን ናት። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ «ሜርሲ ክቲር፣ ሐቢብቲ» አለች፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

ታንጉት አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ መወልወሏን ቀጠለች፤ የወለወለችውን ቦታ ደግማ ደጋግማ። ወደ ከተማ በሚመለሰው ቫን ውስጥ ጽጌን «ለምን?» አልኳት። ተቆጥቻለሁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጎበዝ የተባለችው ሊን ናት» አለችኝ። «አንድ ቀን እኔን እንዲለኝ ፈልጌ ነው።»

ለሾፌሩ ከፍዬ መዝረዓ ወረድን።

ብዙ ሳይቆይ ራሚ መጣ። የሊን መለያ ተዘግቷል፤ በእሱ ሰበብ የሁሉም ልጅ ተመርምሯል፤ የራሱ ስም ያለው አንድም አልተገኘም። ታብሌቶቹን ወደ ካርቶኑ መለሰ። «የሕፃናት ደኅንነት ደንብ ነው» አለ መሬት እያየ።

«ከምኑ ነው የምትጠብቋቸው? ከትምህርት?» ብዬ ጮህኩበት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን መቁጠር የማይችሉትን ልጅ መርዳት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ አለቆቹ። እሱም በኋላ ካናዳ ሄደ። አልፈርድበትም፤ ወረቀት ነበረው።

እናቶቹ ጽጌን አልማሯትም። «የእሷ ኩራት የልጄን ትምህርት አዘጋ» ያላለች የለችም። ወደ ቁም ሳጥኑ ተመለስን። ጠመኔ ግን ኮከብ አያዘንብም፤ ልጆቹ በየተራ ቀሩ። ጽጌ ራሷ አልተመለሰችም። እንቅልፉን መልሼ ነበር፤ በመጨረሻው ሰሞን የሚመጡት ሦስት ልጆች ተኝተው እያየሁ የምቀሰቅሳቸው ለምን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር። አከራዩ ከማስወጣቱ በፊት ትምህርት ቤቱ ሞቶ ነበር ብል ይሻላል።

ታንጉት ጀርባዋን ታመመችና ከአልጋ መነሳት አቃታት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኻልዴው ነገር የተናገረችው አንዴ ብቻ ነው፤ «ስም ይበላል ወይ፣ ጥሩዬ?» አለችኝ። ከዚያም «ጽጌ ሥራ ትግባ» አለች። ለካርላ የደወልኩት እኔ ነኝ። ካርላ አሁን የእናቷን የፋናር ቤት ይዛለች፤ ማርክ የሚባል ትንሽ ልጅ አላት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከታብሌቱ አጠገብ አስቀምጣ የቤት ሥራውን የምታሠራው ሴት ትፈልግ ነበር። የሰው ቤት ካልቀረ የማውቀው ቤት ይሻላል አልኩ። ሌላ ምን ነበረኝ?

ሻንጣዋን ይዤ ሰርቪስ የሚሉት የጋራ ታክሲ ላይ ያሳፈርኳትም እኔው ነኝ። አላለቀሰችም።

የቁም ሳጥኑን በር ቆሻሻው ላይ ካየሁ በኋላ ለጽጌ ልነግራት ፈልጌ ከሰዓት በኋላ ፋናር ደወልኩ። ካርላ አነሳች። ድምፄን ስትሰማ ሳቀች።

«ቦንጁር፣ ሱዚ! ኪፊክ፣ ደህና ነሽ? ናፍቀሽናል!» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ኩሽናው ጮኸች። «ሱዚ! ተሌፎን!»

እዚህ መዝረዓ ቁጭ ብዬ አቤት ልል አፌን ከፍቻለሁ። ከወዲያ ግን ወዲያው መልስ መጣ፤ «ናዐም፣ ማዳም!» ምንም አልዘገየችም። እኔ እንኳ እንደዚያ ለመመለስ ስንት ጊዜ ወስዶብኛል።

የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ስልኩን ስታነሳ ከኋላዋ ታብሌቱ «ብራቮ፣ ማርክ!» ይላል።

«ማን ልበል?» አልኳት፣ በምድር ቤቱ በር ላይ እንደምንለው።



«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለችኝ። ስሟን አልጨመረችም።